አንድ ጣት ያነሰ ጧፍ

ከዘመሮ ገበያ ወደ ጓሳው ሣር ሜዳ አቅጣጫ የግማሽ ቀን መንገድ ሲኬድ ድንጋይ በር የሚባል አጥቢያ አለ። ገብስ አለው፣ በግ አለው፣ ውርጭ አለው፤ ከሁሉም የማያልቅበት ግን ክርክር ነው። የድንጋይ በር ሰው አባቱ የተከላትን የድንበር ድንጋይ አንዱ ተንኮለኛ በጣት ወርድ ቢገፋት ጠዋት ሲነሣ ያውቃል። ለዚያች ለጣት ወርድ መሬት ሲል ስንቁን ቋጥሮ አውራጃ ድረስ ይሟገታል። ይኸው ዓይነ ስል ሕዝብ ነው እንግዲህ፣ በእጁ የያዘው ጧፍ ለዓመታት ሲያጥር አንድ ቀን እንኳ ልብ ሳይል የቀረው።

ጧፍ ሠሪዋ የትምወርቅ ትባል ነበር። ስሙ የወጣላት እናቷ እሷን ስትወልድ ስለሞተችና የትም ሆና ስለቀረች ነው። አባቷ መርሐቤቴ ቆላ ንብ ያረባ ስለነበር ሰምን ከሕፃንነቷ ታውቀዋለች፤ ጥሩውን ከመጥፎው ሳታይ በሽታው ብቻ ትለያለች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ተገኘ ለሚባል የድንጋይ በር ገበሬ ተዳረችና ደጋ ወጣች። የመጀመሪያው ሰሞን ብርድ አጥንቷ ድረስ ሲገባ፣ «እዚህ አገር ሰው የሚኖረው ተፈርዶበት ነው?» ብላ አማቷን ጠይቃለች፤ አማቷም ስቀው ባና ደረቡላት።

አማቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ የኪዳነ ምሕረት ጧፍ ሠሪ ነበሩ። ሙያውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ሰሙ በሸክላ ድስት ይቀልጣል፣ ፍሬው ከወጣለት ጥሩ ጥጥ የተፈተለ ክር በሰሙ ውስጥ እየተሳበ ያልፋል፣ እስኪወፍር ድረስ ተመላልሶ ያልፋል፤ ከዚያ በእጅ ይታሻል፣ ይቆረጣል። የሚቆረጠው በመቃ ተለክቶ ነው። መቃው ክንድ ከስንዝር የሚረዝም፣ ከእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ከሸዋረጋም አማት የተወረሰ ነበር።

«ክንድ ይዋሻል» ይሉ ነበር ወይዘሮ ሸዋረጋ። «የረጅም ሰው ክንድ ሌላ፣ ያጭር ሰው ክንድ ሌላ። መቃው ግን አይዋሽም። እኔ ስሞት ይህን ብቻ ጠብቂልኝ።»

አሥራ ሁለት ጧፍ በሐዋርያት ቁጥር አንድ ላይ ይታሠርና አንድ እስር ይባላል። የአንድ እስር ዋጋ አሥር ሳንቲም ነው፤ ይህንንም ማንም ሊያስወድደው አይችልም፣ የተገዘተ ነውና። ጠላት ከወጣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ነጋዴ ተነሥቶ ጧፍን እንደ ጨው ሲያስወድድ፣ የዚያን ጊዜው የደብሩ አለቃ በዓውደ ምሕረቱ ቆመው፣ «የኪዳነ ምሕረትን ጧፍ ከአሥር ሳንቲም አስበልጦ የሸጠ ብርሃን አይይ» ብለው ገዘቱ። ነጋዴው በዓመቱ ዓይኑ ጠፋ ይባላል። ጠፋም አልጠፋም፣ ከዚያ ወዲህ በድንጋይ በር የጧፍን ዋጋ በአፉ እንኳ የሚያነሣ አልተገኘም።

በዚህ አጥቢያ ሌላም በሌላ ደብር የሌለ ልማድ ነበር። በየዓመቱ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሙታን ሁሉ ስማቸው ይነበባል። የሚነበበው ከአንድ ብራና ላይ ነው፤ ብራናው ላይ የተጻፈውም የክርስትና ስም ብቻ ነው። አንባቢው ካህን አንዲት ጧፍ ይዞ ከጥንቶቹ ይጀምርና እየወረደ አምና ከሞቱት ይደርሳል። አንድ ስም ሲጠራ ዘመዱ ተንበርክኮ «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ካህኑም ይህን ሳይሰማ ወደሚቀጥለው አያልፍም። ጧፏ ካለቀች ንባቡ ያልቃል። ሌላ ጧፍ ማብራት ነውር ነው። ጧፏ ግን አልቃ አታውቅም ነበር፤ የመጨረሻው ስም ተነቦ ሁልጊዜ አንድ ጣት ያህል ትተርፋለች። ያቺን ትራፊ ካህኑ በጣቱ ቆንጥጦ ያጠፋትና ለኀዘንተኛ ይሰጣታል።

ክረምት ነውና በዚያ ቀን ጉም ይወርዳል። ጉሙ በሩን አልፎ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ድረስ ይገባል። በቀትር እንኳ ከካህኑ እጅና ከጧፏ በቀር የሚታይ የለም፤ ስሞቹ ብቻ ይሰማሉ።

የትምወርቅ ሦስት ልጅ አስወርዷት በአራተኛው አንዲት ሴት ልጅ ተረፈችላት። የቤት ስሟን ጠጄ አለቻት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲያነሷት ካህኑ አባ ወልደ ጻድቅ፣ «አመተሥላሴ» ብለው ስም አወጡላት። ጌታነሽ የምትባል ጎረቤት ክርስትና እናት ሆና አነሣቻት። የትምወርቅ ከቤተ ክርስቲያን ቤቷ እስክትደርስ መንገዱን በሙሉ «አመተሥላሴ፣ አመተሥላሴ» እያለች በልቧ ትደግመው ነበር፤ እንዲህ ያለ ስም የጌታ አደራ ነው፣ ከተቀመጠበት ቦታ አይነሣም ብላ።

ልጅቱ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ቆማ የምታስብ ልጅ ነበረች። ስትቆም አንዱን እግሯን በሌላው እግሯ ላይ ትጭናለች። «እንደ ሽመላ ምን ያቆምሻል?» ትላታለች እናቷ፤ ልጅቱ ትስቅና እግሯን ታወርዳለች፣ ወዲያው ረስታ ትመልሰዋለች።

ተገኘ ልጁ ሦስት ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ምች ሞተ። ወይዘሮ ሸዋረጋ ልጃቸውን ተከትለው ሄዱ። የትምወርቅ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ እሷ በጧፏ ትኖር ጀመር። ክፉ ኑሮ አልነበረም። ክፉው የመጣው በሰሙ በኩል ነው።

ሰም የሚያመጣላት ከቆላ የሚወጣ አስፋው የሚባል ነጋዴ ነበር። ክብሪት፣ ሳሙና፣ መርፌና ሰም በአንድ በቅሎ ጭኖ ገበያ ለገበያ ይዞራል። በአርባ ስምንት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ መጣና የሰሙን ዋጋ በእጥፍ ነገራት። ሰሙን ባሕር ማዶ የሚልኩ ሰዎች እየገዙት ነው አለ።

«እንግዲያ እኔ አልሠራም» አለች የትምወርቅ። «ዋጋው የተገዘተ ነው። በአሥር ሳንቲም ሸጬ የክሩ እንኳ አይወጣልኝም።»

አስፋው በቅሎውን አራግፎ ከዕቃው መሃል ሁለት የክብሪት ቀፎ አወጣ። «እስቲ እያቸው እትዬ። ይህ የዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ይህ የዘንድሮው። ወረቀቱ ያው፣ ሥዕሉ ያው፣ ዋጋው ያው። ቁጠሪውማ።»

ቆጠረች። የዘንድሮው በአሥራ አንድ እንጨት ያንስ ነበር።

«ማን ጮኸ?» አለ አስፋው። «ሳሙናውስ ቢሆን መሃሉ መጎድጎድ የጀመረው መቼ ነው? ሰው ዋጋ ሲጨምሩበት ይጮኻል እንጂ ዕቃውን ሲቀንሱበት አይሰማም። ግዝቱ ምን አለ? ከአሥር ሳንቲም አታስበልጡ አለ። ከመቃው አታሳጥሩ ብሎ ገዘተ?»

የድንጋይ በር ሰው የሚጠፋው በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ለሌላ አገር ሰው ቢነግሩት ነውር ነው ብሎ ይተወው ነበር። በድንጋይ በር ግን ያልተጻፈ ነገር ያልተከለከለ ነገር ነው፤ ከልጅ እስከ አዋቂ በዚህ ተከራክሮ ነው ያደገው። የትምወርቅም ባትወለድበት አግብታበት ነበርና ነገሩ ትክክል መሰላት። ግዝቱን በልቧ አንድ በአንድ ደገመችው። ርዝመት የሚል ቃል የለበትም።

ያን ቀን ከመቃው ጫፍ አንድ ጣት ወርድ ቆረጠች። ቁራጩን እሳት ውስጥ ልትጥለው ብላ እጇ እምቢ አላት፤ በድንጋዩ ግድግዳ መሃል ባለች ሽንቁር ውስጥ ሸጎጠችው።

ማንም አላየም። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ደረሰና አባ ወልደ ጻድቅ ስሞቹን አነበቡ። የመጨረሻው ስም ሲነበብ ጧፏ የአባን ጥፍር ለበለበች እንጂ አልጎደለችም። ለኀዘንተኛ የሚሰጥ ትራፊ ግን አልነበረም። «ዘንድሮ ነፋስ በላት» አሉ አባ፣ ሰውም ተበተነ።

በሚቀጥለው ዓመት ሰሙ ጨመረ፣ መቃውም ሌላ ጣት አጠረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ለበጎ የተባለው ተረት ለክፉም ይሠራል። ያን ዓመት ሁለት ስሞች ሳይነበቡ ጧፏ አለቀች። አባ ወልደ ጻድቅ በጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆሙና፣ «ጌታ ሆይ፣ የቀሩትን አንተ ታውቃቸዋለህ» ብለው ብራናውን ጠቀለሉ። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፄ ስለዘገየ ነው ብለው በራሳቸው ፈረዱ። ሰው ሁሉ አባ አርጅተዋል አለ። የትምወርቅም አብራ አባ አርጅተዋል አለች፣ ይህን በማለቷም ያን ቀን እህል አልወረደላትም።

ጠጄ በአምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ በተስቦ ሞተች። ስምንት ዓመቷ ነበር። ያኔ መቃው አራት ጣት አጥሯል።

የትምወርቅ እንዴት እንዳለቀሰች መናገር አያስፈልግም። ፍትሐቱ ሲደረስ አባ «ነፍሰ አመትከ አመተሥላሴ» ሲሉ ስሙን ሰማች፤ አባም በዚያው ሳምንት ብራናው ላይ ከሁሉም በታች ጻፉት። ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የትምወርቅ ጥቁሯን ለብሳ ከሴቶቹ ፊት ቆመች። ስሞቹ እየወረዱ መጡ። ጧፏን አየች፣ ጧፏ ደግሞ በገዛ እጇ የተሠራች ናት፤ ምን ያህል እንደምትሄድ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ብራናው ሊያልቅ አምስት ስም ሲቀር ጠፋች።

«የቀሩትን አንተ ታውቃቸዋለህ» አሉ አባ።

ቤቷ ገብታ ለሚቀጥለው ዓመት አንዲት ረጅም ጧፍ ልሠራ ብላ ተነሣች። መቃውን አንሥታ ከለካች በኋላ እጇ ቆመ። የንባቡ ጧፍ የምትወሰደው ሰው ከያዘው ተራ እስር ውስጥ ነው። አንዷ ረጅም ሆና ከሌሎቹ ጋር ብትታሠር ሌሎቹ ሁሉ አጭር እንደነበሩ መመስከር ነው። ሕዝቡ ለጣት ወርድ መሬት አውራጃ የሚሄድ ሕዝብ ነው፤ ለሙታኑ ጧፍ የት ድረስ እንደሚሄድ አሰበችው። እፍረቱ ልጇን በለጣት። ይህን በኋላ ራሷ ተናግራዋለች፣ ማንም አልፈረደባትም።

ሰሙ መወደዱን አላቆመም። መቃውን ሦስት ጊዜ ደግማ ቆረጠች። በሽንቁሩ ውስጥ ሰባት ቁራጭ ሆነ።

በአምሳ አምስት ክረምት አንድ ቀን እማማ አዛለች ጧፍ ሊገዙ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። እስሩን ተቀብለው ሳይሄዱ በሩ ላይ ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ የባሌ የክርስትና ስም ማን ነበር?»

«እርስዎ የማያውቁትን እኔ በምን አውቄ እማማ?»

«ለነፍሱ ልጸልይለት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ስሙ የለም» አሉ። «ልጆቼን ጠየቅሁ፣ የሉትም። ወንድሙን ጠየቅሁ፣ የለውም። አንድ ሰው ይረሳል። ሁሉ እንዴት አንድ ላይ ይረሳል? በየዓመቱ ሲጠራ እሰማው ስለነበር ልቤ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር።» ዓይናቸው ደረቅ ነበር፤ ፈርተዋል።

ከእሳቸው በኋላ ሌላ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ሙታኖቻቸው ከብራናው ግርጌ የተጻፉ ነበሩ። የትምወርቅ እየሰማች ሰሙን ታሽ ነበር። የልጄ ስም ግን አለ አለች በልቧ። ልትጠራው ብላ ወደ ልቧ ዞረች፤ ያስቀመጠችበት ቦታ አለ፣ ቦታው ባዶ ነው። ወለተ ነበር የሚጀምረው? ወለተ ማርያም፣ ወለተ ኪሮስ፣ ወለተ ሰንበት፤ አንዱም አልገጥም አለ። ቀኑን ሙሉ ሴት የምትጠራበትን ስም ሁሉ ጠራች። ድስቱ ላይ የነበረው ሰም ነደደ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ጉም ወረደ። ውሻው ከደጃፉ ተነሥቶ ሳይጮህ ወደ ውስጥ ገባና ከአልጋው ሥር ተኛ። የትምወርቅ ምን አየ ብላ በሩን ከፈተች። ከግቢዋ ወዲያ፣ ከድንጋዩ ካብ ሥር ሰዎች ተደርድረው ቆመዋል። ጀርባቸውን ሰጥተዋታል። ጉሙ በሣሩ ላይ፣ በካቡ ላይ፣ በራሷ ቅንድብ ላይ ውሃ ሆኖ ተንጠባጥቧል፤ እነሱ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። አይነጋገሩም። አንድ ነገር እስኪባሉ የሚጠብቁ ይመስላሉ፣ ልክ ሰው በፍርድ ቤት ደጅ ስሙ እስኪጠራ እንደሚቆም።

ቆጠረቻቸው፣ አሥር ናቸው። ከዳር ደግሞ አንዲት ትንሽ አለች። አንዱን እግሯን በሌላው እግሯ ላይ ጭናለች።

የትምወርቅ ከደጃፉ ወጣች። «ጠጄ» አለች።

ልጅቱ አልዞረችም። የትምወርቅ ድምፄ አልደረሰ ይሆናል ብላ ወደ ካቡ ተጠጋች፣ አሥር እርምጃ ሲቀራት ደግማ «ጠጄ፣ እናትሽ ነኝ» አለች። ከአሥራ አንዱ አንድም የተነቃነቀ የለም። ያን ጊዜ ገባት። የቤት ስም ለቤት ነው፤ አሁን ያሉበት ቦታ የሚሰማው ሌላው ስም ነው። አፏን ከፍታ ያን ስም ፈለገች፣ ከአፏ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጉሙ ሲነሣ ካቡ ብቻውን ቀረ።

ነጠላዋን ሳታጣፋ ወደ ጌታነሽ ቤት ሮጠች። የክርስትና እናት ናት፣ ካህኑ ሲያወጡት አብራ ሰምታለች። ጌታነሽ ብዙ አሰበች። ልጅቱ የታቀፈችበትን ጨርቅ አስታወሰች፣ የቀኑን ዝናብ አስታወሰች፣ ውሃው ሲነካት እንዴት እንደጮኸች አስታወሰች። ስሙን ግን አጣችው። «ይቅር በይኝ እህቴ» አለች፣ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር ይመጣሉ። ሌላ ሰው ያያቸው እንደሆነ የትምወርቅ አልጠየቀችም፤ በዚያ ክረምት ግን የድንጋይ በር ሰው በጉም ቀን በሩን መዝጋት ለመደ፣ ለምን እንደሆነም ማንም ለማንም አልተናገረም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየች። በአምሳ ሰባት ሐምሌ ላይ ሰባቱን ቁራጭና መቃውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደ ጻድቅ ሄደችና እግራቸው ሥር አፈሰሰችው። ሁሉንም ነገረቻቸው። አባ ቁራጮቹን አንድ በአንድ እያነሡ ዳሰሱ።

«እኔ አረጀሁ ብዬ አልቅሻለሁ» አሉ። ሌላ ቁጣ አልተናገሩም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«አባ፣ ብራናው ላይ አለ አይደል? የልጄን ስም ይንገሩኝ።»

«ያልተነበቡት ስሞች አሉ። የማን የማን እንደሆኑ ግን እኔም የለኝም ልጄ። ስንቱን አጥምቄ ስንቱን ቀበርሁ። በአንደበቴ ካልጠራሁት ከኔም ይሄዳል።» መቃውን አንሥተው ሰጧት። «ቁራጩን ከመቃው ጋር አጋጥሚና ጧፉን በቀድሞው ልክ ሥሪ። እስከ ታች አነበዋለሁ። የልጅሽ ሲጠራ ታውቂዋለሽ፤ እናት አይደለሽም እንዴ?»

ሰባቱን ቁራጭ ከመቃው ጫፍ ጀምራ በመሬት ላይ ደረደረቻቸው፣ በእነሱም ልክ አንድ እስር ሙሉ ሠራች። ከመርሐቤቴ ወንድሟ የላከላትን ንጹሕ ሰም አገባችበት። ረጅሙን እስር ተሸክማ በአደባባይ ስታልፍ ሰው አየ። ለጣት ወርድ የሚሟገተው ሕዝብ እስሩን አየ፣ በእጁ ያለውን ጧፍ አየ፣ ተረዳ። አንድ ሰው እንኳ ቃል አልተነፈሰም። መንገድ ለቀቁላት።

ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ጉሙ ካለፉት ዓመታት ሁሉ ወፈረ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የቆመው ሰው ከአጠገቡ ያለውን በትንፋሹ ነው የሚያውቀው። አባ ጧፏን አበሩ። ጥንቶቹ ተነበቡ፤ መልስ የሚሰጥላቸው ዘር ያላቸው ተመለሰላቸው፣ ዘር ለሌላቸው ዲያቆኑ መለሰ። ጧፏ እየወረደች ሄደች፤ አምና የጠፋችበት ቦታ ደረሰችና አልጠፋችም።

«ገብረ አማኑኤል» አሉ አባ።

እማማ አዛለች እንደ ተመታ ሰው ወደቁ። «የኔ ነው! ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ የኔ ነው» እያሉ ወለሉን ሳሙት። በሩ አጠገብ የነበረው ጉም ትንሽ የተገለጠ መሰለ። ሌላ ስም ተጠራ፣ ሌላ ቤት ተንበረከከ፤ የረሳው ሁሉ ሲሰማው ያውቀው ነበር፣ አንዱም አልተሳሳተም። የትምወርቅ እያለቀሰች እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ጠበቀች። አሁን ልጄ ትጠራለች፣ አሁን ትጠራለች እያለች።

«አመተሥላሴ» አሉ አባ።

የመለሰ የለም። አባ እንደ ልማዱ ቆመው ጠበቁ። ሰሙ በጣታቸው ላይ ተንጠባጠበ። ዲያቆኑ ልመልስ ወይ ብሎ አያቸውና እንዲጠብቅ በእጃቸው ምልክት ሰጡት። ሰው ሁሉ ወደ ጎንና ወደ ጎን ዞረ። የትምወርቅም ዞረች። ምን ያለች እናት ናት አለች በልቧ፤ ልጇ ስትጠራ ያልመጣች። ለዚያች ልጅ አዘነችላት። ከዚያ ፊቷን ወደ ጧፏ መለሰች፣ የራሷ እንዳያልፋት።

በመጨረሻ ዲያቆኑ መለሰላት። አራት ስም ተከተለ፤ አራቱም ቤት ተንበረከከ። ብራናው አለቀ። ጧፏ አንድ ጣት ያህል ተርፋ ነበር።

ሰው ሲወጣ አባ ወልደ ጻድቅ ትራፊዋን ይዘው ወደ እሷ መጡ። «ሰማሽው?»

«የኔ አልተጠራም አባ። ከብራናው ወድቆ ይሆናል።»

አባ ፊቷን ብዙ አዩት። «ማንም ያልተነሣላት አንዲት ብቻ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አመተሥላሴ። ያንቺ እሷ ናት ልጄ።»

የትምወርቅ ስሙን በአፏ ውስጥ አገላበጠችው። መልካም ስም ነው። ደጋግማ አለችው፣ የሰው ዕቃ ይዞ የኔ ይሆን እንዴ ብሎ እንደሚመረምር ሰው። «አይደለችም አባ» አለች። «የኔ ብትሆን አጣት ነበር?»  አባ ትራፊዋን ጧፍ እጇ ላይ አኖሩላትና ጣቶቿን በላይዋ አጠፉላት።

ስትወጣ ጉሙ ተነሥቷል። ገብሱ እስከ ጓሳው ድረስ ይታያል፣ በጎቹ ይታያሉ። ቤቷ ስትደርስ ካቡን አየችው። አሥሩ ሄደዋል። ከዳር አንዲት ልጅ ብቻ አንዱን እግሯን በሌላው ላይ ጭና ቆማለች። የትምወርቅ ነጠላዋን ሰበሰበች። የማን ልጅ ናት ይህች፣ በዚህ ብርድ?

ጧፏን ካቡ ላይ አኖረችላት። «አንቺ ልጅ» አለቻት፣ «ጉሙ ሳይመለስ ወደ እናትሽ ግቢ። ትጨነቅብሻለች።» ከዚያ ሰም ጥዳ ስለነበር ወደ ቤቷ ገባች።